በስልካችን ውስጥ የነበረችው ሴት

በስልካችን ውስጥ አንዲት የማናውቃት ሴት ትኖር ነበር። የመጣችው ስልኩን በገዛን በሁለተኛው ቀን ነው፤ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር ተደግፋ፣ ፀሐይ ስለወጋት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ። ባለቤቴ በቀለ "አሮጌ ስልክ ነው የሸጡልን" ብሎ በገነ። ለእኔም ለእሱም አንድ ዓይነት ስልክ የገዛነው በፋሲካ ገበያ ሰሞን ከጆሲ ሱቅ ነበር። ሱቁ በሰው ታጭቆ ስለነበር ጆሲ "አካውንት" የሚባለውን ነገር ራሱ ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉንም ራሱ አስገብቶ፣ "በቃ፣ ከዚህ በኋላ መጠቀም ብቻ ነው" ብሎ ሸኘን። ስለ ሴትዮዋ ልንጠይቀው ስንመለስ ቀና እንኳን ሳይል "ሲስተም ነው" አለን። በእኛ ከተማ ሲስተም ነው የተባለ ነገር ይግባኝ የለውም። ዝም ብለን ወደ ቤታችን ተመለስን፤ ሴትዮዋም ከእኛው ጋር ቀረች።

ሦስት ዓመት ሙሉ በእኛ ፎቶዎች መሐል ስትወጣ ስትገባ ኖረች። የበቀለን እህት ሠርግ እያየን ሳለ ድንገት የእሷ ጓሮ ይመጣል፣ የእኔን የጉልበት ራጅ ስፈልግ የእሷን ድስት አገኛለሁ። አዲስ ፎቶ ሲጨመርም የድሮው ባለቤት ፎቶ ዘግይቶ እየደረሰ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ በእኛ ኔትወርክ ፎቶ ሦስት ዓመት ቢዘገይ ማን ይገረማል። በቀለ ከሥራ ሲገባ "ሁለተኛዋ ሚስቴ ዛሬ ምን ዋለች?" እያለ ያበሽቀኛል። ከጓሮዋ ያለውን እንሰት፣ የአቮካዶውን ዛፍ፣ ዳንቴል የለበሰውን ሶፋ፣ ከቤቷ ጎን ያለውን ወፍጮ ቤት እንደ ጎረቤት ቤት ለመድነው። ባልየው ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ፎቶ ሲነሳ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል፣ አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ በደረቱ ያጣምረዋል። ባለፈው ኅዳር ድንኳንና ጥቁር የለበሱ ሰዎች መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሰውየው አልታየም። በቀለ "ሞቶባታል፣ ምስኪን" አለና ስልኩን በፊቱ ደፋው። እኔም ከልቤ አዘንኩ፤ ግን ለቴሌቪዥን ድራማ ሟች የሚታዘነውን ያህል ነው። እራታችንን በላን።

እኔ ሸዋአለም እባላለሁ፣ ዲላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራውን ከያዝኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባል ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ያለ ፊርማ አንድ ጠመኔ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ርዕሰ መምህሩን ራሱን ለአንድ መጥረጊያ አስፈርሜዋለሁ፤ በዚህም "ሸዋአለም ብረት ናት" ተብዬ እታማለሁ፣ ሐሜቱንም አልጠላውም። ከሦስት ሳምንት በፊት የትምህርት ቤቱ ንብረት ሁሉ በፎቶ ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ ወጣና በስልኬ ማንሳት ጀመርኩ። አርባኛው የተሰበረ ወንበር ላይ ስደርስ ስልኩ ሞልቻለሁ አለ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቀን በሻይ ሰዓት በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሴትዮዋን ከነቤቷ ከነባሏ እየመረጥኩ አጠፋኋት፤ ከሰባት መቶ በላይ ፎቶ ነው። ቤት ጠርጎ ቆሻሻውን በር ላይ መተው ደግሞ አልወድም፤ የተሰረዙት የሚጠራቀሙበትንም ከፍቼ ሙልጭ አደረግሁት። ልብሷን አጥባ ያሰጣች ሴት የሚሰማት ዓይነት ደስታ ተሰማኝ። ለዚያ ሁሉ ዕቃ ሞዴል 22 የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጆሲ ሱቅ የሄድኩት ለፕሮፎርማ ነው። የወንበሮቹ ፎቶ በእኔ ስልክ ብቻ እንዳይቀር፣ በኢንተርኔት ላይ ክላውድ በሚሉት ይቀመጥ ወይስ በሃርድ ዲስክ፣ አጥንቼና የሦስት ሱቅ ዋጋ አሰባስቤ ሰኞ እንዳቀርብ ታዝዤ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ክላውዱ አድልቶ ነበር፤ አቧራ አይቅመው፣ ሌባ አይነካው፣ መደርደሪያ አይፈልግ። ጆሲ የሚሸጠው ዲስክ ነውና ክላውዱን አጣጣለብኝ። ሰፋ ያለ ቦታ ለማግኘት ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፤ ዶላር ካርድ ያለው የንብረት ክፍል ደግሞ እስካሁን አልሰማሁም። ባለ አንድ ቴራው ዲስክ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ፣ ስድሳ አራት ጊጋ ፍላሽ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። ዋጋውን እየጻፈልኝ ሳለ በሩ ላይ ሰው ቆመ፤ ቀና ስል ሴትዮዋ ናት።

ከጭንቅላቷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች፤ ከፎቶዋ ትንሽ አጠር ትላለች። እንደ ዘመድ ተነሥቼ ልስማት፣ "አቮካዶው ደረሰ ወይ?" ልላት ምንም አልቀረኝ። ዓይኗ ግን ጆሲ ላይ ስለነበር እኔን አላየችኝም። ስሟ ኤልቤቴል መሆኑን ያወቅሁት ጆሲ ሲጠራት ነው። ስልኩን ሸጦ አካውንቱን የከፈተላት እሱ ስለሆነ ከጎረቤት ከተማ ከወናጎ ስትመላለስ ይኼ ሦስተኛዋ ነው፤ ከፈለኝ የሚባለው የሟች ባሏ ፎቶዎች ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከስልኳ ጠፍተዋል። ለመቃብሩ ድንጋይ የሚሆን አንድ ፎቶ እንኳን የላትም። የመታወቂያው ፎቶ ፊቱ ላይ ማኅተም ስላረፈበት አይለይም።

"እህቴ፣ ነገርኩሽ እኮ" አላት ጆሲ፣ "ስልክ ራሱን አይሰርዝም። ሰው ነው የሰረዘው፣ ያውም አጥርቶ።"

ሰው ከሆነ ማን እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች። የዚያን ቀን እነሱ ቤት መብራት ስላልነበረ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግላት የወሰደችው የባሏ እህት ሀዊ ናት፤ ከሀዊ ሌላ የነካው የለም። ሀዊ ደግሞ ከለቅሶው ጀምሮ "ቀኑን ሙሉ ይኼን ስልክ እያየሽ ልትሞቺ ነው፣ አንድ ቀን ገደል እሰደዋለሁ" ስትላት ነበር። ኤልቤቴል በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቀን ለእናቶች ተናገረች፤ እናቶች ለሽማግሌዎች ተናገሩ፤ ሀዊም እስክትናዘዝ ድረስ ከመዝሙር አገልግሎት ታግዳ እንድትቆይ ተደረገ። ሀዊ አልነካሁም ብላ ምላለች። አጥራቸው አንድ ነው፣ ሦስት ሳምንት ግን "እንደምን አደርሽ" የሚባባሉበት አፍ አጥተዋል። ይህን ሁሉ ስትናገር አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"የገዛ ወንድሟን ፊት ቀማችኝ" አለች፣ "ሌላ ሰው ቢሆን አልፈርድም ነበር።"

የምናገረው ያኔ ነበር፤ ባንኮኒው ላይ እጄን አሳርፌ "እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነው።  ነገሩ በምን ተአምር ከእኔ በርጩማ ወናጎ እንደደረሰ ባይገባኝም ቀኑ ቀኔ ነው፣ ሰዓቱ የሻይ ሰዓቴ ነው፣ ሥራው ሥራዬ ነው። እኔ ግን ፕሮፎርማውን እንኳን ሳልቀበል ወጣሁና ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ ገሰገስኩ።

ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ሲራክ ነው፤ ከደብረ ብርሃን መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያስተምራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ልብሱን ያጥባል። አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት ብዬ ጀመርኩለት። ሲራክ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጓደኛሽ ማን ናት አላለኝም። የሁለቱን ሴቶች አካውንት አንድ ሰው ከፍቶላቸው እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝና፣ አዎ ስለው ሳሙና በሳሙና የሆነ እጁን ከሳፋው አወጣ። ባለሱቁ በገበያ ግርግር ለሁሉም አንድ አካውንት ጭኖላቸው ይሆናል፤ ይኼ በየከተማው ያለ ነገር ነው፣ ሰው የማያውቀውን ሰው ስልክ ቁጥር በገዛ ስልኩ የሚያገኘው በዚህ ነው አለኝ።

"እትዬ ሸዋ፣ እርስዎ ሞዴል 22 ሲቆርጡ ስንት ኮፒ ነው?"

ሦስት ነው አልኩት።

"አንዱ ቢቀደድ ሁለቱ ይቀራሉ፤ ያ መጠባበቂያ ነው። እናንተ ስልክ ላይ ያለው ግን ማመሳሰል ነው። አንድ ወረቀት ነው፣ በሁለት ቤት መስኮት የሚታይ። በዚህ ቤት ሲቀደድ በዚያም ቤት ተቀደደ።"

"እኔ ክላውዱ ጎተራ መስሎኝ" አልኩ። እንደ አከፋፈቱ ጎተራም ይሆናል አለኝ፤ ጆሲ የከፈተልን ግን መስኮቱን ነው። ሲራክ "እናንተ" ሲል፣ እኔም "ጆሲ የከፈተልን" ስል ጓደኛዬ የት እንደገባች ሁለታችንም አልተጠያየቅንም። የተሰረዙት የሚጠራቀሙበት ቦታ ሠላሳ ቀን ያቆያቸዋል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ መመለስ ይቻላል ሲለኝ ልቤ ዘለለች። እሱንም ሙልጭ አድርጌ አጥቤዋለሁ ብዬ ስነግረው አንዱን ሸሚዝ ውኃው ካለቀ በኋላም ሲጨምቀው ቆየ። ከዚያ የጋሽ በቀለ ስልክስ የት ነው አለኝ።

በቀለ ሬኮ በሚባል ገጠር በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል፤ ታኅሣሥ ላይ፣ ቡና በብዛት በሚገባበት ሰሞን፣ ስልኩ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ማሠሪያው አራት ሺህ አምስት መቶ ቢባል "በዚህ ዋጋ ዓይኔንም አላሠራ" ብሎ ሲሙን ወደ ባለቁልፍ ስልክ አዛወረው፤ ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ በፎጣ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር። ሲራክ ከታኅሣሥ ወዲህ ኢንተርኔት አግኝቶ እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስማለኝ። ካላገኘ፣ አለ፣ ፎቶዎቹ መሰረዛቸውን ገና አልሰማም ማለት ነው።

ቻርጅ ላይ ሰካነው። ስልኩ ነፍስ ሊዘራ ሲል ሲራክ የሆነ ነገር ትዝ አለውና በባዶ እግሩ ወደ ክፍሉ ሮጠ፤ ድሮ ለበቀለ የዋይፋይ ቁጥሩን ሰጥቶት ነበርና ስልኩ ሳይነቃ የዋይፋዩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። ሳሙናው እንዳለ አረፋ እየተንጠባጠበ ተመልሶ፣ ኢንተርኔት እንዳያቀብሉት የራሱንም የእኔንም ስልክ አጥፍቶ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት በጥፍሩ ይነካካ ጀመር።  ቢጫው ቀሚስ ብቅ ሲል እንባዬ መጣ። ጥራታቸው ትንሽ ቀንሷል፣ ግን አሉ፤ ወፍጮ ቤቱ፣ አቮካዶው፣ ባልየውም እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆሟል። ሲራክ ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ፣ ከዚያም ከመንገድ ማዶ ሮጬ ወደ ገዛኋቸው ሁለት ፍላሾች ገለበጣቸው። ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። አካውንቱ ሳይለያይ ወደ ስልኳ አትመልሷቸው። ሁለቱን ፍላሾች ደግሞ በአንድ ቤት አታስቀምጡ፤ ቤት ይቃጠላል፣ ቤት ይሰረቃል፣ መጠባበቂያ ሌላ ቤት ካልገባ መጠባበቂያ አይባልም።

ለበቀለ ደወልኩለት። ከጀርባው የውኃ ድምፅ እየተሰማ አዳመጠኝና ብልህ ነገር ተናገረ። ፍላሹን ለጆሲ ስጪው፣ ጆሲ አስመለስኩት ብሎ ይስጣት፤ ሴትዮዋ ባሏን ታገኛለች፣ ጆሲ ይመሰገናል፣ አንቺም ከነክብርሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ አለኝ። አልዋሽም፣ ወደድኩት። ጫማዬን አድርጌ ወደ ጆሲ ሱቅ መንገድ ጀምሬም ነበር። ብረት ናት የተባለች ሴት ፊቷን ለማታውቀው ሰው አሳልፋ መስጠት ቀላል አይደለም። ግን ፎቶው በጆሲ እጅ ቢመለስ ሀዊ ያው የሰረዘችው ሀዊ ሆና ትቀራለች፤ እንዲያውም "ፈርታ መለሰችው" ይባላል። ያላየኋት ሴት ናት፤ ከፎቶዎቹ መሐልም የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም ነበር። እግሬን ወደ መናኸሪያው አዞርኩት።

ወናጎ ሩቅ አይደለችም፤ ሚኒባሱ ሃምሳ ብር ጠይቆ፣ አራት ሰው በሦስት ሰው ወንበር አጣብቆ አደረሰን። ቤቱን ማንንም አልጠየቅሁም። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ወፍጮ ቤቱ አለ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ሰማያዊው በር አለ፤ ቀለሙ ብቻ ከፎቶው ይልቅ ነጥቷል። ኤልቤቴል ለቅሶ የመጣሁ መስሏት አልጋ ልብስ ከሶፋው ላይ አነሣች፣ ውኃ በብርጭቆ አመጣች፣ ከየት እንደመጣሁ ለመጠየቅ ግን አፈረች። ዳንቴሉ እዚያው ነው። ውኃውን ሳልጠጣ ነገርኳት። ከስልኩ መገዛት ጀምሬ እስከ በርጩማዬ፣ ምንም ሳላስቀር፣ ሞዴል ላይ እንደሚሞላ ሰው አንድ በአንድ ነገርኳት።

 ኤልቤቴል ስልኳን ከሶፋው ክንድ ላይ አነሣችና አስጠጋችልኝ። የእኔ ወንበሮች ናቸው፤ እግር የሌላቸው፣ መደገፊያ የሌላቸው፣ ተራ በተራ።

"ወንበር የሚያነሱት ሴትዮ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። "ባሌን ፍለጋ በከፈትኩ ቁጥር የተሰበረ ወንበር ነው የሚመጣልኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ ነበር።"

ወደኋላ እያሳለፈች የራሴን ቤት አሳየችኝ። የጉልበቴ ራጅ አለ፣ የበቀለ እህት ሠርግ አለ፣ በቀለ አፉን ከፍቶ ያንቀላፋበት አለ። ሦስት ዓመት እኔ እሷን ሳይ እሷም እኔን ስታይ ኖራለች፤ ጉልበቴ ተሻለኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስልኳም ብዙ ጊዜ ሞልቶባታል፤ ሀዊ የማታውቂያቸውን ሰዎች አጥፊያቸው ብላት እምቢ ብላለች። ለምን አላጠፋሽውም አልኳት፣ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

"ባለቤት ይኖረዋል ብዬ ነዋ። የሰው ፊት እኮ ነው።"

ሃያ ሁለት ዓመት ንብረት ጠብቄያለሁ። የዚያን ዕለት ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም።

ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካንና ባልየው፣ ከፈለኝ፣ ብቅ አለ። በሰው ቁመት ልክ ባይሆንም ከስልኩ ይልቅ ሰው መሰለ። እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ወዲያው ስልኬ ላይ መልሱልኝ አለችኝ፣ የሲራክን ማስጠንቀቂያ ነገርኳት፤ ሰኞ ጆሲ ዘንድ ሄደን አካውንቱን እስክናለያይ ፎቶዎቹ ከስልክ ይራቁ፣ ሁለተኛው ፍላሽም ሌላ ቤት ይቀመጥ። ሌላ ቤት የሚለው ላይ ስደርስ ወደ አጥሩ አየች። እናቷ የሉም፣ እህት የላትም። "ያለኝ ሌላ ቤት የሀዊ ነው" አለች፤ ወጥታ ከአጥሩ ሥር በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ተጣራች። መልስ የመጣው በሦስተኛው ጥሪ ነው።

ሀዊ አልተቀመጠችም። በሩ መቃን ላይ ቆማ ወንድሟን በቴሌቪዥኑ ላይ አየችው፣ እሷም እንደ ወንድሟ ረጅም ቀጭን ናት፤ ፊቷ ላይ የሆነውን ልናገረው አልችልም። ኤልቤቴል እኔን እያመለከተች በፍጥነት ነገረቻት፤ ንግግሯ መሐል መሐሉ ላይ ይቆረጥ ነበር። ሲያበቃ ሁለተኛውን ፍላሽ ዘረጋችላት፣ "አንቺ ጋ ይቀመጥ" አለች፣ ይኼን በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው መሰለኝ። ሀዊ እጇን ወደኋላ አደረገች።

"ፎቶ ተገኘ፣ እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለች፣ አማርኛውን እየመረጠች። "የኔ ስም የት አለ? እዚህ ቤት ሦስት ሰው ነው የሰማው። እኔ የተባልኩት በሰው ሁሉ ፊት ነው። እዚያ ይባልልኝ።"

ክሱ ወናጎን በአንድ ጀምበር ያዳረሰው ማንም ሳይሸከመው ነው፤ ማስተባበያው ግን በእግር መሄድ ነበረበት። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት በቤተ ክርስቲያናቸው የእናቶች መዘምራን ልምምድ አለ። ሀዊ ከፊት፣ ኤልቤቴልና እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን፤ እሷ አንድ ጊዜም አልዞረችም። በልቤ በቀለን ሰማሁት፣ አሁንም ሚኒባስ አለ ሲለኝ። አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ ሊሾ፣ አንድ ኪቦርድና ሠላሳ የሚሆኑ የፕላስቲክ ወንበሮች ያሉት ነው። ስንገባ መዝሙሩ ቆመ። ከፊተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ሴት ሀዊን ስታይ ከጎኗ ባዶ ወንበር ላይ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አጥብቃ ያዘችው፤ የሀዊ ቦታ ያ እንደነበር ገባኝ።

ኤልቤቴል እንግዳ አለች፣ የምትናገረው አላት አለች። ስሜን ተናገርኩ። የማላውቃትን ሴት ፎቶዎች፣ የሟች ባሏን ጭምር፣ ከዲላ ሆኜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሀዊ አልነካችም፣ ፎቶዎቹም ተገኝተዋል አልኩ። ይኸው ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ያስፈራኝ ነገር አራት ዓረፍተ ነገር አልሞላም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ፤ አማርኛ አይሰሙም። ሀዊ ወደ ኤልቤቴል ዞረች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጥ ብላ ያየቻት ያኔ ነው።

"በጌዴኡፋ ይባልልኝ" አለች፣ "ያኔም በጌዴኡፋ ነው የተባልኩት።"

ኤልቤቴል መተርጎም ጀመረች። ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ቢሆንም የማውቀው ጌዴኡፋ ከገበያ አያልፍም፤ ግን የእኔ ንግግር ያን ያህል ረጅም አለመሆኑን አውቃለሁ። የእኔ ስም አንድ ጊዜ ተጠራ፣ ከዚያ አልተጠራም። የሀዊ ስም ግን ደጋግሞ መጣ፣ አንዴም ኤልቤቴል ደረቷን በመዳፏ እየመታች ተናገረች፤ እኔ ያላልኩትን፣ የራሷን እየተናገረች እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ድምፅዋ ተቆርጦ ሲቀር አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቦርሳዋ ሴት ቦርሳዋን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

ሀዊ ወዲያው ወደ ወንበሯ አልሄደችም። ኤልቤቴል አጠገብ መጥታ እጇን ዘረጋች፣ ፍላሹን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ከዚያ ወደ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። ኤልቤቴልን ከኋላ አሮጊቷ ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጧት። መዝሙሩ ካቆመበት ቀጠለ። እኔን ግን ተቀመጪም ሂጂም ያለኝ ሰው ስላልነበረ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ እዚያው መሐል ቆሜ ቀረሁ።